ቀድሞ የወረደ

አትክልትና መለሰ ከተጋቡ ዓመት አልፏቸው ገና አንድ ቤት አልገቡም ነበር። እሷ ሰመራ ቁርስ ቤት አላት። እሱ አዋሽ ከተማን በብስክሌት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እሑድ ተኮራርፈው ይለያያሉ። ጠባቸው ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው፤ ማን ወደ ማን ይምጣ?

«ሰመራ ሰው ይበስላል እንጂ አይኖርም» ይላል መለሰ።

«አዋሽስ? ነፋሱ ወጥ ላይ አሸዋ ይነሰንሳል» ትላለች አትክልት።

የተዋወቁትም እንዲሁ በግትርነት ነው። እሱ ለሥልጠና ሰመራ መጥቶ፣ እሷ ዳቦ በብስክሌቷ ጭና ስታልፍ አያት።

«እህቴ፣ የኋላ ጎማሽ ተንፍሷል» አላት።

«እኔን ትተህ ጎማዬን ነው ያየኸው?»

ጎማው በርግጥ ተንፍሶ ነበር። እሷ ግን አልተነፈሰም ብላ እስከ ቁርስ ቤቷ እየተንገጫገጨች ሄደች። እሱም በእግሩ ከኋላ ከኋላ ተከተላት። ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ ፉል የበላው እሷ ጋ ነው።

ኪጋሊ የሚኖረው ወንድሟ አብርሽ ነው የጠራቸው። «ጫጉላችሁን በሚኒባስ ጨረሳችሁት። ሩዋንዳ ኑና እረፉ፤ ሁለት ብስክሌት አለኝ፣ በኪቩ ሐይቅ ዳር ተራራ ተራራውን ትነዳላችሁ» አለ። ሄዱ። ውርርዱን ያመጣችው አትክልት ናት፣ ገና አውሮፕላኑ ውስጥ።

«ዳገት ላይ ቀድሞ ከብስክሌቱ የወረደ፣ ጓዙን ጭኖ ወደ ሌላው ይምጣ።»

«ቢወድቅስ?»

«መውደቅ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ወዶ መውረድ ነው።»

«ይሁን» አለ መለሰ፣ ፈገግ ብሎ። ሁለቱም ቆላ ተወልደው ቆላ ያደጉ ናቸው፤ ዳገት ሲባል የሚታያቸው ሰመራ አጠገብ ያለው የሎጊያ ድልድይ መውጫ ነበር።

ከሐይቁ ዳር ጉዞ ሲጀምሩ ገና አልነጋም። ያደሩበት ቤት ባለቤት፣ አንዲት ደርባባ ሴትዮ፣ ፋኖስ ይዘው ወጡና ክንዳቸውን አቅፈው እየተንቀጠቀጡ አሳዩአቸው፤ ይበርዳል ማለታቸው ነው። አትክልት በእጇ ወደ ሰማይ አመለከተች፤ ፀሐይ ሳይወጣ መሄድ ነው ማለቷ ነው። ሰመራ ላይ ሰው ጉዳዩን የሚጨርሰው ፀሐይ ሳይቀድመው ነዋ። ጭጋጉ ውስጥ ገቡ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ሁለት ኮረብታ ወጡ። ረፋዱ ላይ አገሩ ሞቅ፣ ደስ ሲል፣ ዛፍ ሥር ነጠላ አነጠፉና ተኙ፤ በእነሱ አገር በዚያ ሰዓት ማን ውጭ ይታያል? ከሰዓት በኋላ ተነስተው ብስክሌታቸው ላይ ሲወጡ ዝናቡ መጣ።

በማግስቱም እንዲሁ። ሌሊት ብርድ፣ ቀን እንቅልፍ፣ ከሰዓት ዝናብ። ማሳ ላይ ያሉት ሰዎች መቆፈሪያቸውን ተደግፈው እስኪበቃቸው ሳቁባቸው።

«መሌ፣ የዚህ አገር ፀሐይ የሚገድል አይመስለኝም» አለች አትክልት ውሃ እየተንጠባጠበች።

«እንቀይር ነው የምትይው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። አንተ እንቀይር ካልክ...»

«እኔም አላልኩም።»

ሰዓቱን እንቀይር ብሎ ቀድሞ መናገር ለሁለቱም እንደ መሸነፍ ነበር። በሦስተኛውም ቀን ሳይነጋ ወጡ።

የዚያን ቀን ዳገት ግን ዳገት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ደመና ውስጥ ይገባል። መለሰ ቀደመና ከዓይኗ ተሰወረ። አትክልት እያቃሰተች፣ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ እየመታ፣ አንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ ደረሰች። እዚያ ነው ያየችው። ቀዩ ጭቃ ላይ የጎማ መስመር፣ ከመስመሩ ጎን ደግሞ የጫማ ዱካ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። የቀኙ ተረከዝ በአንድ ወገን ያለቀ ነው። ያን ጫማ ጣለው ብላ ስንቴ ነዝንዛዋለች።

ወርዶ ገፍቷል።

ጉልበቷ ከየት እንደመጣ እንጃ። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ሸሚዞቹ ሰመራ ሲገቡ እየታያት መታጠፊያው ላይ ደረሰች። መለሰ ግን ዳገቱን አልጨረሰም። ቦይ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ብስክሌቱ ከላዩ ላይ ነው፤ እግሮቹን አሁንም ግራና ቀኝ አንፈራጧል።

«ተነሳ» አለችው።

«አልችልም፣ ቁርጭምጭሚቴ ዞሯል። ግን አልወረድኩም፤ ወድቄ ነው።»

ልትወርድ ፍሬን ያዘችና ለቀቀችው። መታጠፊያው ላይ መንገዱ ሰፋ ይላል፤ ላለመውረድ ፊት ለፊቱ ክብ እየሠራች ትዞር ጀመር።

«እጅሽን ስጪኝ እንጂ።»

«እጄ መሪ ይዟል።»

«አቱ፣ ውሃ እየገባብኝ ነው።»

«ታዲያ ከብስክሌቱ ውረድና ውጣ።»

«ብሞት አልወርድም።»

ሙዝ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች ቆሙ። አንዷ ሸክሟን አውርዳ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ሰው ተቀምጦ የሚያየው ነገር ነበራ። አትክልት በዞረች ቁጥር «ዱካህን አይቻለሁ» ልትል አፏን ትከፍታለች። አሁን እላለሁ፣ ይቺን ልዙርና እላለሁ። መጨረሻ ዙሯ ላይ ወደ ቦዩ ጠጋ አለች። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጆሮው ድረስ ጭቃ ነው። ዓይኑ ግን የፊት ጎማዋ ላይ ነበር።

«ቀስ በይ» አላት። «ጠርዙ ያዳልጣል፣ ትወድቂያለሽ።»

ቦይ ውስጥ የተጋደመ ሰው ስለ እሷ ጎማ ይሰጋል። አትክልት ፍሬን ያዘችና ወረደች።

«ወረድሽ» አለ መለሰ፣ ድምፁ እንደ አሸናፊ አልነበረም።

«ወረድኩ። እጅህን አምጣ።»

ስለ ዱካው ትንፍሽ አላለችም። ከራሱ አፍ መስማት ፈለገች።

ሴቶቹ ቁርጭምጭሚቱን በሻሽ አሰሩለት፤ ሙዝ የጫነ መኪና ወደ ሐይቁ መለሳቸው። የቀሩትን ቀናት በቀትር ፀሐይ ውሃው ዳር ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ቀትርን ነቅተው ያዩት ያኔ ነው። ደጋግሞ «አቱ...» ይላል፤ «አቤት» ስትለው «ሐይቁ ያምራል» ይላታል።

«ያምራል» ትለዋለች፣ ትጠብቃለች።

አገር ቤት ገብተው እሱ አዋሽ ቀረ፣ እሷ ጓዟን ልትሸክፍ ሰመራ ገባች። ጎረቤቷ ባለሱቋ ሀምዳ ሁሉንም ሰማች።

«ልትሄጂ ነው እንግዲህ?»

«ወርጃለሁ፤ ቃሌ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልተናገረ እሄዳለሁ። ግን የሚዋሸኝ ሰው ቤት እንደምገባ እያወቅኩ ነው።»

«ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ ባልሽን እንደ ቆጣሪ ነው የምታነቢው። ንገሪውና ግልግል በሉ።»

«አልነግረውም።»

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሰመራ መንገድ ላይ ፍየል እንኳ በሌለበት ሰዓት፣ አንድ ሚኒባስ ቁርስ ቤቱ ፊት ቆመ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ ታስሯል። መለሰ እያነከሰ ወረደ።

«ፍራሹ ምንድን ነው?» አለች አትክልት።

«ቀድሜ የወረድኩት እኔ ነኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «አላስችል አለኝ። የወደቅኩት መልሼ ስወጣበት ነው፤ ከዚያ በፊት ከመታጠፊያው በታች ትንሽ ገፍቻለሁ።»

«ትንሽ?»

«እዚያ ካለው የሙዝ ማሳ ጀምሮ።»

«ከድልድዩ ጀምሮ።»

ቀና ብሎ አያት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

«አይተሽ ነበር? አይተሽ ነው የወረድሽው?»

«ያን ጫማ ጣለው ብዬህ ነበር» አለች። ዓይኗ እርጥብ ስላለ ፊቷን ወደ ፍራሹ አዞረች።

ሹፌሩ መስኮቱን መታ። «ይወርዳል ወይስ እንመልሰው?»

«ይወርዳል» አሉ ሁለቱም እኩል።

ፍራሹን ግራና ቀኝ ያዙት። በሯ ጠባብ ናት፤ አንዱ ሊቀድም ግድ ነው።

«ግቢ» አላት።

«አንተ ግባ፣ እንግዳ ነህ።»

«እንግዳ? የቤቱ ሰው ነኝ፣ አንቺ ቅደሚ።»

ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። ፍራሹን እንደያዙ ቆሙ። ሀምዳ ከሱቋ ደጃፍ፣ «ኧረ ትቀልጣላችሁ፣ በአላህ፣ አንዳችሁ ግቡ» አለች።

አትክልት የመለሰን ፊት አየች፤ ቲማቲም መስሏል፤ ከንፈሩን ግን ነክሷል፣ ሊገባ አይደለም። ያኔ ፊቷን ወደ እሱ እንዳደረገች፣ ፍራሹን እየሳበች፣ የኋሊት ቀድማ ገባች።