አምስተኛው ኮንቴይነር

ይህን ታሪክ ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው።

ቦታው አሶሳ ነው። ጊዜው ሐምሌ 2017። ሰዓቱም ሌሊት አልነበረም... ጠራራ ቀን ነው። ባጃጅ በበራችን እያለፈ፣ ጎረቤት ልብስ እያሰጣ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ህልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ልጆቼ አምስት ደቂቃ ከዘገዩ ባጃጅ ተገልብጧል እላለሁ። ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው እላለሁ። ሴት ልጄ ሕብረት፣ "እማ፣ አንቺ እኮ ክፉን ነገር መንገድ ወጥተሽ ነው የምትቀበዪው" እያለች ትስቅብኛለች።

አንዱን ክፉ ነገር ግን አልቀበልም ብዬ ነበር።

የነብዩን።

ነብዩ የመጀመሪያ ልጄ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሐምሌ፣ ጓደኛው ሥራ አለ ብሎት ወደ ወንበራ ሄደ፤ እዚያው ወንበራ ወዳለችው ደብረ ዘይት። መጨረሻ የደወለልኝ ከመንገድ ነው።

"እማ፣ ወንዙ ሞልቷል። ሲጎድል እንሻገራለን። አታስቢ፣ ማክሰኞ እመለሳለሁ።"

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

ጓደኛውን ብንጠይቀው "እኔ ጋ አልደረሰም" አለ። አስከሬን የለም። አየሁት የሚል ሰው የለም። ዘመዶቼ "ለቅሶ ተቀመጪ፣ ነፍሱም ትረፍበት" ሲሉኝ አባረርኳቸው። ነጠላዬን አላዘቀዘቅኩም። አልጋውን በየቀኑ አነጥፋለሁ፤ ጋቢውን አጥፌ እግርጌው ላይ አኖራለሁ። ነብዩ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። ያንን ጎን አስፍቼ አነጥፍለታለሁ።

ሌላ የቀረኝ አሮጌ ላፕቶፑ ነው። ውስጡ ፎቶዎቹና አንድ የድምፅ ቅጂ ነበሩ... እኔ ስቆጣ፣ እሱ ሲቀልድብኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ላፕቶፕ ነው።

ሕብረት ኮምፒውተር ተምራ እዚሁ ከተማ ቢሮ ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ አለችኝ።

"እማ፣ የነብዩን ላፕቶፕ ሰርቨር ላደርገው ነው።"

"ምን?"

"ሳይጠፋ ሁልጊዜ የሚሠራ ኮምፒውተር። ፎቶዎቻችን እዚሁ ቤት ይቀመጣሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ከስልክሽ ታይዋቸዋለሽ። አራት ኮንቴይነር አስገባበታለሁ።"

ደነገጥኩ። እኔ የማውቀው ኮንቴይነር ገበያ ዳር ያለውን፣ ነጋዴው ዐወድ ሲሚንቶ የሚሸጥበትን ትልቅ ብረት ነው።

"አራት ኮንቴይነር? እዚህ ግቢ? ባጃጅ እንኳ የማይገባበት?"

ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ሙች እማ፣ ብረት አይደለም! ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ክፍል በይው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ይኖራል። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አይነካም።"

አንዱ ለፎቶ፣ አንዱ ለመዝሙር፣ አንዱ ለእሷ ሥራ። አራተኛው ለግቢው በር ካሜራ። ካሜራውን የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ሰው በበሩ በገባ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ሰዓቱን ይጽፍበታል።

"የነብዩ ድምፅስ?" አልኳት።

"ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። አሁን ላፕቶፑን ሙልጭ አድርጌ አጠፋና እንደ አዲስ እጭነዋለሁ።"

"እንዳይጠፋ... ሕብረት።"

"አይጠፋም እማ።"

ኢንተርኔት የሚያድለው ዕቃ ነብዩ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ላፕቶፑን አልጋው አጠገብ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። በገመድ አገናኘችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ይወርድበት ጀመር። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው።

"ይኼው ነው?"

"ይኼው ነው። የሚያስፈልገው ብቻ ነው ያለው። በነፃ የሚገኝ ነው፤ አሠራሩም ለማንም ክፍት ነው፣ የተደበቀ ነገር የለውም።"

ስትጨርስ ክዳኑን ዘጋችው።

"ዘጋሽው እኮ። አይጠፋም?"

"አይጠፋም። ክዳኑ ቢዘጋም እንዳይተኛ አድርጌዋለሁ።"

"መብራት ሲሄድስ?"

"ባትሪው ይይዘዋል። ኮንቴይነሮቹም ቢሞቱ ራሳቸው እንዲነሱ አዝዣቸዋለሁ።"

"ቢሞቱ... ይነሳሉ?"

"አዎ።"

የነብዩን ጋቢ ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩት።

በማግስቱ ፍላሹን ሰካችው። ፎቶዎቹ አሉ። የድምፁ ቅጂ ስሙ አለ... ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

አልተቆጣኋትም። ነብዩ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋብኝ።

ማክሰኞ መጣ።

እኔ ማልጄ ገበያ ሄድኩ። ሕብረት ቢሮ ናት። ጠዋቱ ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ የመጣው ከሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሕብረት እንደ አይጥ በስብሳ እየሮጠች ገባች።

ሲያባራ ሳሊማ በአጥር በኩል ጠራችኝ።

ሳሊማ ባለፈው ዓመት ፊት ለፊታችን የተከራየች የበርታ ሴት ናት፤ ነብዩን አታውቀውም። ጥሩ ጎረቤቴ ናት። አማርኛዋ ይገባል፤ ግን ወንድና ሴት አትለይም። እኔንም "አንተ" ነው የምትለኝ። ሕብረትንም "መጣ፣ ሄደ" ነው የምትላት። "ኡም ሕብረት" ስትለኝ የሕብረት እናት ማለቷ ነው። እኔ በበርታኛ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ስለማልችል አርሜያት አላውቅም።

"ኡም ሕብረት! ልጅህ ገባ። ሰላም አልኩት፣ ዝም አለ። ምነው፣ አኮረፈ?"

"ኧረ ዝናብ መትቷት ነው ሳሊማ።"

"ወላሂ በጣም በሰበሰ፣ መስኪን።"

ሳቅኩ። ገብቼ ሕብረትን ተቆጣኋት።

"ሳሊማን ለምን ሰላም አትያትም?"

"አላየኋትም እማ። ሮጬ ነው የገባሁት።"

በዚህ አለፈ።

ሐሙስ ከሰዓት ሕብረት ከነብዩ ክፍል ጠራችኝ። በሹክሹክታ።

"እማ... እስቲ ነዪ።"

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዝርዝር አለ። በጣቷ ቆጠረችልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

አምስት።

"አምስተኛውን እኔ አልሠራሁትም" አለች።

"ሌላ ሰው ገብቶበት ይሆናል። ሌባ!"

"ሌባ ቢሆን... ስሙን አንብቢው።"

በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም።

"ሽምብሬ" ይላል።

ነብዩ ሲወለድ ትንሽ ስለነበር ያወጣሁለት ስም ነው። ከቤታችን ውጪ ማንም አያውቀውም።

"ሕብረት... አንቺ ነሽ? እንዲህ ያለ ቀልድ አይቀለድም!"

"እማ፣ በእመቤቴ እኔ አይደለሁም።"

አጠፋችው። ዝርዝሩ ላይ አራት ቀረ።

አፍጥጠን አየነው...

አምስት።

እንደገና አጠፋችው። እንደገና ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋችው። ተመለሰ።

"ውስጡ ምን አለ?" አልኩ።

"አንድ ፎቶና... አንድ የድምፅ ፋይል።"

ፎቶውን ከፈተችው። የግቢያችን በር ነው፤ የማክሰኞ። ጥጉ ላይ 08:10 ይላል።

ትንፋሼ መለስ አለ።

"ስምንት ከአሥር! አንቺው ነሽ እኮ! ዝናብ መትቶሽ ስትገቢ።"

ሕብረት ጣቷን ሰዓቱ ላይ አሳረፈች።

"ምነው?"

"እማ... ይህ ሰዓት በፈረንጅ ነው። ጠዋት ሁለት ከአሥር ነው።"

ጠዋት ሁለት ከአሥር እኔ ገበያ ነኝ። እሷ ቢሮ።

ቀረብ ብዬ አየሁት። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰው የለም። መሬቱ ደረቅ ነው፤ አቧራው ሁሉ ይታያል።

የበሩ ደፍ ላይ ያለው ሲሚንቶ ብቻ... ረጥቧል።

ያኔ ሳሊማ ትዝ አለችኝ።

ነጠላዬን ሳልደርብ ወጣሁ። ሳሊማ በረንዳዋ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ሳሊማ... ማክሰኞ ልጄ ሲገባ አየሁ ያልሽኝ... መቼ ነው?"

"ጠዋት። አንተ ገበያ ስትሄድ፣ ከዚያ ልጅ መጣ።"

"የትኛው ልጄ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ግራ ገባት።

"ወንዱ! ሕብረት ቢሆን ሕብረት ብዬ እነግርሃለሁ።"

ግድግዳውን ያዝኩ።

"እሱን የት ታውቂዋለሽ?"

"አላውቅም። ግን በር ላይ ቆመ፣ 'እማ፣ እማ' ይላል። ስለዚህ ልጅህ ነው።" ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እኔም አሰብኩ... ፀሐይ ነው፣ ከየት በሰበሰ?"

ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም።

"ድምፁን ክፈቺው" አልኳት ሕብረትን።

"እማ፣ ይቅርብን። ሁሉንም አጥፍቼ—"

"ክፈቺው!"

መጀመሪያ ውሃ ነው የተሰማው። ብዙ ውሃ። የዝናብ አይደለም... የሚሄድ ውሃ። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየ።

ከዚያ... የልጄ ድምፅ። እንደ ድሮው የሚቀልድ አይደለም። የደከመ።

"እማ... ክዳኑ ተዘግቷል።"

ውሃ።

"መተኛት ግን አልቻልኩም።"

ሕብረት አፏን በእጇ ያዘች።

እኔ አላለቀስኩም። አልጋውን አየሁት። ሁለት ዓመት ያነጠፍኩትን፣ ማንም ያልተኛበትን። ነፍሱ ትረፍበት ያሉኝን ሁሉ ከደጄ ያባረርኩት እኔ ነኝ።

ላፕቶፑን ብተወው ድምፁ ይኖረኛል። በየቀኑ ላዳምጠው እችላለሁ። ባጠፋው ለሦስተኛ ጊዜ አጣዋለሁ።

ግን የትኛዋ እናት ናት ልጇን እንቅልፍ የምትነሣ?

"ሕብረት... ያንን ነገር መልሺው።"

"የቱን?"

"እንዳይተኛ ያልሽውን።"

አየችኝ። ቀስ ብላ አንድ መስመር ጻፈች። ክዳኑን ዘጋነው፤ ሁለታችንም እጃችንን ጭነንበት።

አረንጓዴዋ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች...

ጠፋች።

ገመዱን ነቀልኩት። ባትሪውን ሕብረት አወጣችው። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ሳሊማ ናት።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን።

ማክሰኞ ጠዋት ከሕብረት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ግቢውን በቁልፍ ቆለፍኩ። የነብዩን ክፍል ቆለፍኩ። ሁለቱም ቁልፎች ደረቴ ውስጥ ነበሩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተመለስን። ፀሐይ ነበር። ሕብረት ሳሊማን ሰላም ልትል ስትቀር እኔ ቀድሜ ገባሁ። ሁለቱም በሮች እንደቆለፍኳቸው ነበሩ።

የነብዩን ክፍል ከፈትኩ።

አጥፌ እግርጌ ያኖርኩት ጋቢ... ተዘርግቶ እስከ ትራሱ ድረስ ተስቧል።

ቀረብኩ። ጫፉን ይዤ ገለጥኩት።

ማንም የለም።

ፍራሹ ግን በጎኑ እንደተኛ ሰው ጎድጉዷል። ትራሱ ረጥቧል። እጄን አስቀመጥኩበት።

ይሞቃል።

ከውጪ ሕብረት "እማ?" ስትል ሰማኋት።

"ዝም በይ..." አልኩ በሹክሹክታ።

ጋቢውን ቀስ ብዬ መልሼ አለበስኩት...

ከሥሩ አንድ ነገር ወደ ግድግዳው ዞረ።