ፈሪው ባትሪ

የጋሽ ቢያድግልኝ አውሮፕላን የወደቀችው ላይ ሰፈር፣ እትዬ አመለወርቅ ጣሪያ ላይ ከተሰጣው በርበሬ መሐል ነበር።

«አዋሽ» በተባለችው የጠፈር መርከብ ውስጥ ላይ ሰፈር ማለት በእርግጥም ከራስ በላይ ያለ ሰፈር ነው። መርከቧ እንደ በርሜል ክብ ሆና በራሷ ዙሪያ ስለምትሽከረከር፣ ሰው ሁሉ የሚኖረው በበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። ቀና ሲሉ ሰማይ የለም። የሌላ ሰው ጣሪያ፣ የሌላ ሰው የታጠበ ልብስ፣ አንዳንዴም ቀና ብሎ የሚያይ ሌላ ሰው አለ። ሁለቱም ወገን ሌላውን «ላይ ሰፈር» እያለ ይጠራል፤ ሁለቱም ወገን ታች በመሆኑ እንደተበደለ ያምናል። ለመርከቧ ስም ያወጡላት ሰዎች፣ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀር ወንዝ መሆኑን ረስተውት ይሆናል። ወይም አልረሱትም።

እንዲህ ባለ ቦታ ሞዴል አውሮፕላን ማብረር የተለየ ደስታ አለው። ከፊት ለፊት የለቀቋት አውሮፕላን የግድግዳውን ጥምዝ ተከትላ ትወጣለች፣ በላይ ሰፈር ጣሪያዎች አጠገብ ታልፋለች፣ ከዚያ በሌላው ጎን ወርዳ ከኋላ ትመጣለች። ይህ «ሙሉ ዙር» ይባላል። የአብራሪዎቹ ማኅበር አባላት ሜዳው ላይ ትንሽ አሽከርክረው ማሳረፍ ይበቃቸዋል። ሙሉ ዙር ካልሞላሁ የሚሉት ጋሽ ቢያድግልኝ ብቻ ነበሩ።

«ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ይኼ እንግዲህ ሁለተኛው ነው» አለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግርማቸው፣ በሁለት ጣቱ ከክንፏ ላይ በርበሬ እያራገፈ።

«ሪሞቱ ነው። እጄ ላይ እንዳለ ጭጭ አለ።»

«ሪሞት ዝም ብሎ አይጠፋም።»

«ሰውም ዝም ብሎ ሊቀ መንበር አይሆንም፤ ግን ይኸው።»

ሰው ሳቀ። ግርማቸው ሳቁ እስኪያልቅ ታግሦ ደንቡን አስታወሰ፦ ሦስተኛ ከወደቀች የማብረር ፈቃዳቸው ይሰረዛል። ከዚያ ወደ ልጃቸው ወደ ሐረገወይን ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሰማንያ ዓመት ቀላል አይደለም። እጅ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ በርበሬ ላይ ወደቀች፤ ነገ ሰው ላይ ብትወድቅስ?»

ሐረገወይን አውሮፕላኗን ከእጁ ተቀበለች። አባቷ ጭነት አመላላሽ የጠፈር ጀልባ ሲያበሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጀልባዎቹ ራሳቸውን ማብረር ሲጀምሩ ሽልማት ተሰጥቷቸው በክብር ወደ ቤት ተሸኙ። ከዚያ ወዲህ መርከቧ ውስጥ በእሳቸው እጅ የሚበር ነገር ይህች አውሮፕላን ብቻ ናት። እሷንም ከተነጠቁ ቀኑን በምን እንደሚሞሉት ልጅቷ አታውቅም ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ግርማቸው ያለውን እሷም አስባው ነበር።

የማኅበሩ አዳራሽ ገብታ ሪሞቱን ፈታችው። ሐረገወይን የመርከቧ ኃይል ክፍል መሐንዲስ ስለሆነች ሥራው አዲስ አልሆነባትም። ውስጡ ያለው እንደማንኛውም የመርከቧ ዕቃ «ለማጅ ባትሪ» ነው፦ የባለቤቱን ጠባይ እያጠና ራሱን የሚያመቻች ባትሪ። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ አብረውት ከተሰኩት ጋር የተማረውን ይለዋወጣል፣ ፀጉር ቤት እንደተገናኙ ሰዎች። መጋጠሚያዎቹን ወለወለች። ቻርጀሩን ቀየረች። ገመዱን መረመረች። መጠኑን ስታየው ሙሉ ነው።

«አባዬ፣ እጅህን እስቲ ዘርጋልኝ።»

«ባትሪውን ጨረስሽና ወደ እኔ መጣሽ?» አሉ። ቢሆንም ዘረጉላት። ጣቶቻቸው እንደ ቅጠል ይርገበገባሉ። «ይንቀጠቀጣል። ድሮም ይንቀጠቀጥ ነበር። የተወለድሽ ዕለት ስታቀፍሽም ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥዬሽ አውቃለሁ?»

ሐረገወይን አፈረች። አባቷን በምርመራ ስታፋጥጥ፣ ባትሪውን ግን ስለ ራሱ በተናገረው ብቻ አምናው ነበር፤ ሙሉ ነኝ አለ፣ ሙሉ ነህ አለችው። አሁን አንድ ተራ አምፖል አገናኘችበትና እያበራ እንዲቆይ ትታው አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሻይ ጠጡ። ስለ እትዬ አመለወርቅ በርበሬ ካሣ ተከራከሩ። መጠኑ ከግማሽ ጥቂት ዝቅ እንዳለ አምፖሉ ድርግም አለ።

ባትሪው ውስጥ ገና ብዙ ኃይል አለ። አልሰጥም አለ እንጂ።

ለማጅ ባትሪ ሲጠየቅ በትንሿ ስክሪኑ ላይ ምክንያቱን ይጽፋል። ጻፈችለት፦ «ለምን አቆምክ?»

«ለመጠባበቂያ።»

«ለምን መጠባበቂያ አስፈለገ?»

«ሊሄድ ይችላል።»

«ምኑ?»

«አላውቅም። ግን ሊሄድ ይችላል።»

የሌሎቹን አባላት ባትሪዎች ሞከረች፤ ሁሉም እዚያው ላይ ይቆማሉ። የአዳራሹ መብሻ ማሽንም እንደዚያው። እስከ ዛሬ ማንም ያላስተዋለው፣ አዋሽ ውስጥ ሙሉ ዙር ከሚያበሩት ከአባቷ ሌላ ባትሪውን ከግማሽ በታች የሚያወርድ ሰው ስለሌለ ነው። ሶኬት ያየ ይሰካል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ግድግዳ ግድግዳ ያያል። ሐረገወይን የራሷን ስልክ ልትሞክር ኪሷን ዳበሰች፤ የለም። ለካ ገና ስትገባ ሰክታዋለች። መቼ እንደሰካችው ትዝ አላላትም። ስልኩም ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

«አባዬ፣ የሚሄደው ምንድን ነው?»

ጋሽ ቢያድግልኝ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። «መብራት ነዋ!»

«መብራት ወዴት ይሄዳል?»

«እኛስ መቼ አወቅን? ሄደ ነው የሚባለው።»

መርከቧ ከተነሣች ጀምሮ መብራት ተቋርጦ አያውቅም፤ የኃይል ክፍሉ ትልቁ ኩራት ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ ግን በልጅነታቸው የተሳፈሩ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ምድርን በዓይናቸው ያዩ የመጨረሻው ሰው ናቸው። «ጉርሻ አፍሽ ሳይደርስ ድርግም ይላል» አሉ። «ማንም አይደነግጥም። የአንተ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ ብሎ ወጥቶ ጎረቤትን ማየት ነው። የሰፈሩ ከሆነ ደስ ይላል! ሲመጣ ደግሞ ሕፃን የለ ሽማግሌ የለ፣ መጣ! ነው። ጎል የገባ ነው የሚመስልሽ። እናቴ መብራት ባለ ቁጥር ቤት ያለውን ሁሉ ትሰካ ነበር። ለምን ስንላት፣ ሊሄድ ይችላል ነው መልሷ።»

ሐረገወይን ባትሪውን አየችው። የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ከእንደዚያች እናት ተምረው መርከብ ተሳፈሩ። የተማሩትን ለተከታዮቻቸው ሹክ አሉ፣ እነዚያም ለተከታዮቻቸው። ታሪኩ መንገድ ላይ ጠፍቶ ፍርሃቱ ብቻ ደረሰ። ለባትሪዎቹም፣ ለሰዎቹም።

መድኃኒቱ ቀላል መስሏት ነበር፤ ባትሪውን እስከ ታች አራግፎ እንደገና መሙላት። ካራገፈችው በኋላ ከሌሎቹ ጋር ሰካችው፤ ምክር ሲቀበል አድሮ እንደ ድሮው ፈሪ ሆኖ ተነሣ። ለብቻው ስትሰካው ደግሞ ጓደኞቹን ካላየ ጭራሽ አልሞላም አለ። የቀረው አንድ መንገድ ነው። ሁሉም አንድ ላይ እንደተሰኩ መብራት ሲሄድ ማየት አለባቸው። ተመልሶ ሲመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አባላቱ የሽማግሌውን ሦስተኛ ሙከራ ለማየት በተሰበሰቡበት፣ ሐረገወይን ባትሪዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰክታ የአዳራሹን ብሬከር ያዘች።

«ፈቃድ አለሽ?» አለ ግርማቸው።

«የአዳራሹ መስመር ብቻ ነው። የመስመሮቹን ካርታ የሣልኩት እኔ ነኝ።»

ጎተተችው። አዳራሹ ጠፋ። ከዚያ ሜዳው ጠፋ። ቀጥሎ ሰፈሩ፣ ቀጥሎ ላይ ሰፈር፣ በመጨረሻም በበርሜሉ መሐል ተዘርግታ ቀኑን የምታበራው ረጅሟ መብራት፣ «ፀሐይ» የሚሏት፣ ሁለቴ ብልጭ ብላ ጠፋች።

ካርታው ትክክል ነበር። ካርታው የማያውቀው የሰፈሩን ሰው ነው። ለካ ሁሉም በየራሱ ጊዜ፣ ለመጠባበቂያ ትሁነኝ እያለ፣ ከአዳራሹ ጀርባ አንዳንድ ሽቦ ስቧል። የፀሐይዋ ክፍል ሠራተኞች ሳይቀሩ። ከዚያም ዋናውን መስመር ለክፉ ቀን አስቀምጦ በመጠባበቂያው ሲኖር ነበር።

ጨለማው ልክ እንደ ውሃ አፍና አፍንጫ የሚገባ መሰለ። ከዚያ ከላይ፣ ከሩቅ፣ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ኧረ በርበሬዬን!»

አንድ ሰው የጋሽ ቢያድግልኝን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

«ጋሽ ቢያድግልኝ...» የግርማቸው ድምፅ ነው። «አይመጣም እንዴ?»

«አይዞህ። ይመጣል።»

«በምን ያውቃሉ?»

«ይመጣላ። እጅህ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪም ዘንድ ብቅ በል።»

አጠገባቸው የነበሩት በጨለማው ሳቁ። ሳቁ ወደ ዳር ተዛመተ። ላይ ሰፈር ደግሞ ምን እንደሚያሥቅ ሳይሰማ ሳቀ። ከየቤቱ ሰው ወጥቶ የአንቺም ጠፋ፣ የእናንተም ጠፋ ይባባል ጀመር፤ የሁሉም መጥፋቱ ሲታወቅ ድምፆቹ ለምን እንደሆነ እንጃ ቀለል አሉ። ሐረገወይን ብሬከሩ ላይ እጇን እንዳሳረፈች ትንሽ ቆየች። ከዚያ መለሰችው።

«መጣ!»

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ወርውረው የጮኹት ጋሽ ቢያድግልኝ ብቻ ነበሩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ቀጥሎ አንዲት ሴት «መጣ!» አለች፣ ቀጥሎ ሜዳው፣ ቀጥሎ ከአናታቸው በላይ ያለው ሰፈር በሙሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ዜማውን ግን አልሳቱትም።

በዚያው ሞቅታ ጋሽ ቢያድግልኝ ባትሪውን ነቅለው ሪሞቱ ውስጥ ከተቱና አውሮፕላኗን ለቀቋት። ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ሐረገወይን የምታየው አውሮፕላኗን ሳይሆን የባትሪውን ስክሪን ነው። ግማሽ። ከግማሽ በታች። ያ ክፉ ቦታ ጋ ደረሰ። አልቆመም። አውሮፕላኗ የእትዬ አመለወርቅን ጣሪያ አልፋ ሄደች፤ ሴትየዋ በርበሬያቸውን በነጠላ ሸፍነው በዓይናቸው ሸኟት። ጋሽ ቢያድግልኝ ቀስ ብለው፣ እግራቸውን እየሳቡ፣ ወደ ኋላ ዞሩ። መጣች። እግራቸው ሥር አረፈች።

ሪሞቱ የዚያን ጊዜ ጠፋ፤ ከመጥፋቱ በፊት ግን ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ጻፈ።

«ይመጣል።»

ግርማቸው የሽማግሌውን እጅ ጨበጠ። የማን እጅ እንደተንቀጠቀጠ መለየት አልተቻለም።

በማግስቱ ሐረገወይን ለኃይል ክፍሉ የምታቀርበውን ማብራሪያ እያሰላሰለች ከአዳራሹ ጀርባ ዞረች። የተሳቡት ሽቦዎች ተነቅለው ይጠብቁኛል ብላ ነበር። እጥፍ ሆነው ጠበቋት። አንድ መጠባበቂያ የነበረው ሁለተኛ ጨምሯል፤ ያልነበረውም አዲስ አስገብቷል። ከሽቦዎቹ ሥር አንድ ሰው ፒንሳ ይዞ ተቀምጧል።

«አባዬ! አንተም?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ነይ ይቺን ያዢልኝ።»

«ይመጣል ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«መምጣቱማ ይመጣል» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ናስትሮውን በጥርሳቸው እየቆረጡ። «ግን ሊሄድም ይችላል።»

ሐረገወይን ቁጭ አለችና ሽቦውን ያዘችላቸው። በተከፈተው መስኮት በኩል ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ይታያል፤ ከትናንት ጀምሮ ባዶውን፣ ሳይሰካ፣ ሳይፈራ፣ ተኝቷል።