ሸርጣኖቹ ልብስ የሚቀይሩበት ሳምንት

ፔራን ከጀልባዋ ኋላ ጎንበስ ብሎ ሲያስነጥስ ታምሲን ሰማችው። አንዴ ቢሆን ምንም አይደል፤ ደጋገመው። ከዚያ ዘወር ብሎ ክኒን አወጣና ያለ ውሃ ዋጠ።

«ጉንፋን ይዞሃል?» አለችው ጠጋ ብላ።

«አለርጂ ነው። አታካብጂ።»

«ባህር መሀል የምን አለርጂ? የጨው?»

«ታምሲን፣ በናትሽ! ለዴንዚል ከነገርሽው እኔም አልወርድ፣ አንቺም አትወርጂ። ሸርጣኖቹ ደግሞ እኔ እስኪሻለኝ ቁጭ ብለው አይጠብቁም።»

ችግሩ እውነቱን መሆኑ ነው። ዴንዚል የባህር ጠለቃ አስተማሪያቸው ነው፤ ጉንፋን የያዘው አይጠልቅም፣ ተማሪም ያለ ባልደረባ ውሃ አይነካም ይላል፣ ያለውን ደግሞ አይለውጥም። ሸርጣኖቹም በጋው ሲገባ ከጥልቁ ወደ ባህረ ሰላጤው ይመጡና፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው አሮጌ ቅርፊታቸውን አውልቀው ይጥላሉ። አዲሱ ሲጠነክርላቸው ውልቅ ብለው ይሄዳሉ።

ታምሲን ክረምቱን በሙሉ በጠለቃ ትምህርት ቤቱ ገንዳ ውስጥ ስትንቦጫረቅ የከረመችው ለዚህ ነው። ባህሩ ዳር ላይ ባዶ ቅርፊቶች ታገኝ ነበር። እስከ እግሩ ጫፍ ምንም ያልጎደለው ሸርጣን፣ ውስጡ ግን ባዶ! ከጀርባው ካለች ስንጥቅ በቀር የተሰበረ ነገር የለውም። ያን የሚያህል ገላ በዚያች ስንጥቅ እንዴት አድርጎ ይወጣል? አባቷን ብትጠይቀው «ያው ይወጣላ» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። ዴንዚል ብቻ «ወርደሽ እይው» አላት። ይኸው ቀኑ ደረሰ፤ እሷም ስለ ክኒኑ ለዴንዚል አልነገረችውም።

ዴንዚል ሁለቱን ፊቱ አቆማቸው። በመላው የእንግሊዝ ኮርንዎል ሲቆጣ ድምፁን የሚቀንስ ሰው ቢኖር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«ታች አውራ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ ካለ፣ ሁላችንም እንወጣለን። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጀልባ ላይም ቢሆን። ገባችሁ?» አለና ወደ ታምሲን ዞረ። እንደ ልማዱ ስለ ራስህ አይጠይቅህም፤ ስለ ባልደረባህ ነው የሚጠይቅህ። «ፔራን እንዴት ነው? አየሩ፣ የክብደት ቀበቶው፣ ጆሮና አፍንጫው?»

የራሷን ቀበቶ እያጠበቀች «ደህና ነው» አለች።

የጀልባዋ ባለቤት ላቭዴይ በስጋና ድንች የተሞላ ፓስቲዋን ሞተሩ ላይ እያሞቀች «በሉ የኔ ወፎች፣ ቶሎ ካልመጣችሁ ድርሻችሁን እበላዋለሁ» ብላ ሸኘቻቸው።

ቀዝቃዛው ውሃ በወፍራሙ የጎማ ልብስ አንገት በኩል ሲገባ ታምሲን መተንፈሻዋን ነክሳ ጮኸች። ከጀልባዋ ወደ ታች የተዘረጋውን ገመድ ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ከጥቂት ክንድ በላይ አያሳይም። መጀመሪያ ረጃጅሙ የባህር ሣር መጣ፣ ከዚያ ነጭ አሸዋ፣ ከዚያ ክምሩ።

ወይ ጉድ! እግር በእግር ተጠላልፎ፣ ቀዩ በቡናማው ላይ እየወጣ፣ ክምሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ከዳር ካሉት አንዱ ጀርባው ተከፍቷል። ከውስጥ የሚያብረቀርቅ ለስላሳ ነገር እየተገፋ ይወጣል። በኋላው! ወደ ኋላ ነው ለካ የሚወጣው! ይህን ማንም አልነገራትም። ፔራንን ጭራሽ ረሳችው።

ቀና ስትል ከበላይዋ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል። የተደፈነ ጆሮውን ለመክፈት አፍንጫውን ይዞ ይነፋል፤ አንገቱን ያጋድላል፤ እንደገና ይነፋል። ዴንዚል ጣቶቹን አግጥሞ «ደህና ነህ?» የሚለውን ምልክት ሲያሳየው፣ ፔራንም ጣቶቹን አግጥሞ «ደህና» አለ። ዴንዚል ፊቱን ሲያዞር ግን ዐይኑን ጨፈነና ጆሮውን ያዘ።

ሸርጣኑ አንድ እግሩን መዘዘ። ትንሽ ብቻ፣ አለች ታምሲን በሆዷ፣ ሁለተኛውን ብቻ ልይ። ሁለተኛው ወጣ። ፔራን ደግሞ ወደ ታች ወረደ፤ ፊቱ በመነጽሩ ውስጥ ጭምድድ አለ።

አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ፔራን ጭንቅላቱን በእምቢታ ነቀነቀ። ዴንዚል ግን ወዲያው ጣቱን ቀስሮ መለሰላት፤ ቀስ ብለውም ወጡ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ፔራን ገና ከውሃው ሳይወጣ። «ደህና ነበርኩ እኮ!»

«ጥያቄ የለም ብያለሁ» አለ ዴንዚል።

ላቭዴይ ታምሲንን እየሳበች ወደ ጀልባዋ አወጣቻት። «የኔ ወፍ፣ ሸርጣን አስፈራሽ እንዴ? እኔ በቅቤ ነው የምበላቸው!» ብላ ሳቀች። ፔራን መነጽሩን ሲያወልቅ ከአፍንጫው ደም ወረደ፤ ማንም ያላየው መስሎት በእጅጌው ጠረገው። ታምሲን ግን አየች።

«አየር ተርፏል» አለ ዴንዚል። «ከፈለጋችሁ አረፍ ብለን እንመለሳለን።»

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ ፔራን።

«እኔ ካንተ ጋር አልወርድም» አለች ታምሲን።

«ፈርተሻላ፣ በቃ።»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ! ፊትህ እያለቀሰ ጣትህ ደህና ነኝ ይላል። የቱን ልመን?»

ፔራን አቀረቀረ። «ጆሮዬ ነው» አለ። «ጉንፋን ይዞኛል። ክኒንም ውጫለሁ።»

የዴንዚል ድምፅ በጣም ቀነሰ። «ጆሮህ ሊደነቁር ይችል ነበር። አሁኑኑ ሐኪም ጋ ይደወላል፤ ጆሮህን እሱ ሳያይልህ ውሃ አትነካም» አለውና ፎጣ ወረወረለት። ከዚያ ወደ ታምሲን ዞሮ ትከሻዋን መታ አደረጋት። «አንቺ ጥሩ ዐይን አለሽ። ላቭዴይ እሱን ትይዛለች። እኔ ባልደረባ እሆንሻለሁ፤ እንውረድ?»

ሸርጣኑ ገና እግሮቹን አልጨረሰም። አሁን ቢወርዱ ይደርሱበታል። ከዴንዚል ጋር! ታምሲን መነጽሯን አነሳች። ለምን ጣቷን እንደቀሰረች የሚጠይቃት የለም፤ ሕጉ ነው። ፔራንም ቢሆን ቀድማ ታውቅ እንደነበር አይናገርም፤ ፊቱን ወደ ባህሩ አዙሯል።

መነጽሯን መልሳ አስቀመጠችው።

«ዴንዚል፣ ቅድም ደህና ነው ያልኩህ፣ ፔራን ሲያስነጥስ ከሰማሁት በኋላ ነው። ክኒኑን ሲውጥም አይቻለሁ።»

ላቭዴይ ፓስቲ መቁረጧን አቆመች። ዴንዚል ትክ ብሎ አያት።

«እና?» አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«እና ዛሬ አልወርድም» አለች ታምሲን፤ የክብደት ቀበቶዋን ፈትታም ከፔራን አጠገብ ተቀመጠች።