የጋሽ ባንታየሁ ወንበሮች

ጥሩወርቅ ምሳ ይዛ ኢስትሊ ሰፈር ወዳለው መጋዘን ስትገባ ባሏ ባንታየሁ በጀርባው ወድቆ፣ ትንፋሹ ቆሞ ነበር። አጠገቡ አንድ የእንጨት ወንበር ተገልብጧል።

«ወንበሩ ላይ ቆሞ ሲሠራ ወድቆ ነው» ብሎ ፖሊስ ጻፈ። ለአሥራ ሁለት ዓመት የባሏ ተማሪ የነበረውና እንደ ልጇ የምታየው ሱራፌልም ይህንኑ አላት። እሷ ግን በግሏ ምርመራ የምትሠራውን ሙርሺዳን ጠራች።

«ባሌ ወንበሮቹ ላይ ሰው ሲቀመጥ እንኳን አይወድም» አለቻት።

ባንታየሁ ያገሩ ሰው በየዘመኑ ምን እንደ ወደደና ለምን እንደ ተወው መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ በርጩማ፣ የሙያ ትምህርት ቤት አናጺዎች በልክና በደንብ የሠሩት ወንበር፣ የቀበሌ ብረት ወንበር፣ ፕላስቲክ፣ መጨረሻ ላይ ባለወርቅ ቅብ ሶፋ፣ ለመጽሐፉ የሰበሰባቸው ሁሉ፣ መጋዘኑ ውስጥ በተራ ተሰድረዋል።

ሙርሺዳ የተገለበጠውን የአናጺዎቹን ወንበር አገላብጣ አየችው።

«ሱራፌል ይህን አይቶታል?»

«የመጣው በሩን ከቆለፍኩ በኋላ ነው። ቁልፍ ያለን እኔና እሱ ብቻ ነን፤ እሱም ከዚያ ወዲህ አልገባሁም ብሎኛል።»

የመጋዘኑ ባለቤት ኢስሀቅ መጋዘኑን ልቀቁልኝ እያለ ከባንታየሁ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። «ያን ቀን ሞምባሳ ነበርኩ» ብሎ የባቡር ትኬቱን አሳያት።

በማግስቱ ሦስቱን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበሩን በጨርቅ ሸፍናዋለች።

«ጋሽ ባንታየሁ አልወጡበትም» አለች። «መቀመጫው ላይ የጫማ ምልክት የለም። ገልብጠው ሥሩን እያዩ ነበር። የራሳቸው ወንበር አልነበረም፤ አንድ ሰው አስመስሎ አሠርቶ ቀይሮባቸዋል።»

ሱራፌል ፈገግ አለ። «ሥሩ ብሎን ስላለው ብቻ? ኋላ ተጠግኖ ቢሆንስ?»

«ብሎን አለው ብዬሃለሁ እንዴ?»

ሙርሺዳ ጨርቁን ገፈፈች።

«የዚያን ጊዜ አናጺዎች ደንብ እንጨትን በእንጨት ማያያዝ ነበር። ይህ ከሥሩ አራት ብሎን አለው። ጋሽ ባንታየሁ ከሞቱ ወዲህ ከፖሊስ በቀር ያየነው እኔና እትዬ ጥሩወርቅ ነን፤ አንተ አልገባሁም ብለሃል። አንተ ያወቅከው ስላሠራኸው ነው። ኢስሀቅ ሞምባሳ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ነው።»

ሱራፌል በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ብሎኑን አይተው እጄን ሲይዙኝ ገፋኋቸው... ወደቁ። ሌሎቹንም ቀይሬያለሁ፤ እውነተኞቹ ዌስትላንድስ ሰፈር ናቸው፤ በስሜ ኤግዚቢሽን ልከፍት ነበር። እሳቸው እያሉ እኔ ሁሌም የጋሽ ባንታየሁ ተማሪ ነኝ!»

ጥሩወርቅ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ባሌ ሰኞ ነው የፈረመው። ወንበሮቹም፣ መጽሐፉም ያንተ እንዲሆኑ። ለልደትህ ሊነግርህ ነበር።»

ሱራፌል እያለቀሰ ወረቀቱን ለማየት እጁን ዘረጋ። ጥሩወርቅ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ፊቷን አዞረች።