በሁለት ሳህን መካከል የተላከችው ሺሊንግ

ካቶንጎ ንካንዱን ያገኛት በማዕድን ከተማዋ በሙፉሊራ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ስትገዛ ነው። ነጋዴዋ ትንሿን መርጣ ስትሰጣት አይቶ «ይቺ ዓሣ እኮ ገና ጡት አልጣለችም» ቢል፣ ንካንዱን ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ወዲያ እሱ የሚሠራበት የማዕድን ማውጫ የመውጫ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ዓይኗ ከመንገዱ አልነቀል አለ። ወደደችው፣ ምን ይደበቃል።

ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ አጎቱ እንደ ደንቡ በሁለት ነጭ ሳህኖች መካከል የአገሩን ገንዘብ አንድ ክዋቻ እንዲያስቀምጥ ነገሩት፤ የልጅቷ ቤተሰብ ሳህኖቹን ካስቀሩ እሺ፣ ከመለሱ እምቢ ማለት ነው። እሱ ግን ለነጻነት በዓል መታሰቢያ የተሠራች ባለ አምስት ሺሊንግ ሳንቲም ነበረችው። ሟች እናቱ ናቸው የሰጡት። ከእሷ የሚበልጥበት ነገር ስላልነበረው እሷኑ ላከ።

የንካንዱ አባት የላይኛውን ሳህን አነሱና ፊታቸው ጠቆረ። ሺሊንግ ቀርቶ በክዋቻ መገበያየት ከተጀመረ ሰንብቷል።

«ይቺ እኮ የሞተች ገንዘብ ናት» አሉ። «በልጄ ይቀልዳል እንዴ? ንካንዱ፣ ልመልስለት?»

ጨዋ ልጅ ስለ ጋብቻዋ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ እሺታ ነው። ንካንዱም ለካቶንጎ ያዘጋጀችውን ዝምታ ዝም አለች። ጥያቄው መገልበጡ የገባት አባቷ ሳህኖቹን ከድነው ለሽማግሌው ሲመልሱ ነው። በእንግዳ ፊት አባቷን ማዋረድ አልሆነላትም፤ እንባዋን ዋጠችው።

አክስቷ ከቤት እንዳትወጣ ስለጠበቋት፣ ካቶንጎን ያገኘችው ከሳምንታት በኋላ ከሥራ መልስ ብስክሌት ከሚጠግንበት ጥላ ሥር ነው።

«ዝም ያልኩት እኮ እሺ ብዬ ነው» አለችው።

ካቶንጎ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «እኔ ደግሞ እምቢ ያልሽኝ መስሎኝ...» አለና የሆነውን ነገራት። አጎቱ ተዋረድን ብለው በነጋታው ሌላ ቤት ክዋቻ ልከዋል። ሳህኑም አልተመለሰም።

«አንተስ እሺ አልክ?»

«ካንቺ ወዲያ ማንም ብትሆን ምን ቸገረኝ ብዬ ነዋ።»

«ልጅቷስ?»

«ዝም አለች አሉ።»

ንካንዱ ሌላዋን ተዋትና እንደገና ሽማግሌ ላክ ልትለው ነበር። ግን ያቺ የማታውቃት ልጅ አንገቷን ደፍታ ምን እየተመኘች ዝም እንዳለች ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ልቧ ተሰበረ።

«እንግዲያው አታሳዝናት» አለችውና ወደ ቤቷ ሄደች።