ቀይ መብራት ላይ የተነሳች እጅ

«ወደ ኋላ እንዳታይ» አለችው ቦዲል፣ ድልድዩን ሲወጡ። «ሳቅ በል። ቱሪስት ነህ እኮ።»

ሌሼክ ሳቀ። ብስክሌቱ ግን ይወላገድበታል፤ ከልጅነቱ ወዲህ ፔዳል ረግጦ አያውቅም። የፖላንድ መርከብ መካኒክ ነው። መርከቧ ኮፐንሃገን ወደብ ሁለት ቀን ቆማ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለች። ለዴንማርክ ሰላዮች በፊልም ምስጢር ያቀብላል፤ ዛሬም አንድ ጥቅል ኪሱ ውስጥ አለ። የገዛ አገሩ ሰላዮች ጠርጥረውታል፤ አብሯት ከተመለሰ አለቀለት። ከቀረ ይተርፋል።

ቦዲል የዴንማርክ ሰላይ ናት፤ የሥራ ስሟ «ድርጭት»። ዛሬ ደግሞ ከሃምቡርግ ለሁለት ቀን ከተማ ልታይ የመጣች ጫማ ሻጭ ሆናለች። የኪራይ ብስክሌት ይዛ፣ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ተወልዳ ያደገችበትን ከተማ አፏን ከፍታ ታያለች። አለቃዋ ሆልገር ሥራውን ሲሰጧት፣ ተከታዮቹ አንዲት አገር ጎብኚ ከመርከበኛ ጋር ስትሽኮረመም ቢያዩ ከቁብ አይቆጥሯትም ብለው ነበር። ሐይቁን ዞረው ኖሬብሮ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ አንድ ዳቦ ቤት ጓሮ መኪና ይጠብቃቸዋል። ሌሼክ እዚያ ይገባል። በቃ።

ከኋላ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ በአረንጓዴ ብስክሌት ይከተላቸዋል። ከፖላንድ ሰላዮቹ አንዱ ነው፤ እዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ልማዱን ያውቃል።

ሐይቁ ዳር ሌሼክ ፍርሃቱን ረሳ። ይሄ ምንድን ነው፣ ያ የማን ሐውልት ነው እያለ ጠየቃት፤ እሷም ካርታዋን ገልብጣ ይዛ የማይሆን የማይሆነውን መለሰችለት። ቋንቋውን በስንት ወር እንደሚለምድ ሁሉ ሲያሰላ አንጀቷን በላው።

«ሃምቡርግ ያሉ ጫማ ሻጮች ሁሉ እንዲህ ነው የሚነዱት?» አላት እያለከለከ።

«ዝም ብለህ ርገጥ፣ አንተ ሰነፍ።»

መብራቱ ቀይ ሆነ።

የቦዲል እጅ ተነሳ።

ራሷም አላወቀችም። እዚህ ከተማ ሊቆም ያለ ብስክሌተኛ፣ ከኋላ ያለው እንዳይገጨው እጁን ወደ ላይ ያነሳል። የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። የሃምቡርግ ቱሪስት ግን ከየት አምጥታ!

ክው አለች። እጇን አወረደች።

ረፍዷል።

ከኋላ የግራጫው ሰውዬ ደወል ሁለት ጊዜ ጮኸ። ነጭ የጭነት መኪና ከጎን መንገድ ወጥታ ፊታቸው ተገተረች። ሁለት ሰዎች ዘለው ወረዱ። ሌሼክ የፊልሙን ጥቅል ቅርጫቷ ውስጥ ጣለና ብስክሌቱን በግራጫው ሰውዬ ጎማ ላይ ወረወረው።

«ሂጂ!» አላት።

ሄደች። መመሪያው ፊልሙ ከሰው ይቀድማል ይላል። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች እንጂ አላየችም።

ዳቦ ቤቱ ጓሮ መኪና የለም። ሆልገር ብቻቸውን ተቀምጠው የቀረፋ ዳቦ ይበላሉ። ጥቅሉን ተቀበሏትና ሳያዩት ወደ ጎን ገፉት።

«ይሄን አምና አግኝተነዋል» አሉ።

ምንም አልገባትም። እሳቸው ግን እየጎረሱ አስረዷት። ዋናው ምንጫቸው የመርከቧ ወጥ ሠሪ ነው። እሱ ሽንኩርት ልግዛ ብሎ ወርዶ የራሱን ፊልም እስኪያስረክብ፣ ጠባቂዎቹ ለአንድ ሰዓት ሌላ ሰው ማባረር ነበረባቸው።

«መኪናውስ?»

«መኪና አልነበረም።»

«ባይነቁብኝስ ኖሮ?»

«አንቺ እኮ የዚህ ከተማ ልጅ ነሽ፣ የኔ ልጅ። ቀይ ስታዪ እጅሽ እንደሚነሳ ጠፍቶኝ ነው? ከሃምቡርግ ሰው ማስመጣት ያቃተኝ መሰለሽ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰውዬ አየችው።

«አንተ» አለችው። «አንተ...»

ሆልገር ዓይኑን በጨው አጥቦ የተረፈውን ዳቦ ወደ እሷ አስጠጋላት። ሥራው ተሳክቷል አላት፤ ብስክሌቱን መልሳ በማታው ባቡር ከከተማው እንድትጠፋ አዘዛት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመርከቧ ጥሩምባ ሲነፋ ወደቡ ዳር እየነዳች ነበር። ልቧ ደማ፤ እግሯ ግን መርገጡን አልተወም።

ፊቷ ያለው መብራት ቀይ ሆነ። እጇ ሊነሳ ከመሪው ተላቀቀ። መልሳ ጨምቃ ያዘችውና ዝም ብላ ቆመች።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ መጥታ ጎማዋን ገጨቻት።

«እጅ የለሽም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ በንዴት። «ለነገሩ ቱሪስት ነሽ!»

«ይቅርታ» አለች ቦዲል፣ አነጋገሯን እንደ ባዕድ አጣማ።

አረንጓዴው በራ። ከብስክሌተኞቹ ጋር ተቀላቅላ አለፈች፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።