ሩት ያስተካከለችው ቀን

እንዳልካቸውን ቤት ያከራየሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ፣ ልጆቼ። የስማዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሯል። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ንፋስ መውጫ የመጣው፣ አንድ ኮሌጅ የተማሪዎቹን ምዝገባና ውጤት በኢንተርኔት የሚያሳይ ፕሮግራም እንዲሠራለት ስለቀጠረው ነው።

«ከባዶ ተነሥተህ ነው የምትሠራው?» አልሁት።

«የለም አያ አለበል። ፍሬምወርክ የሚባል አለ፤ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራ አጽም ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተጋግዘው ሠርተው በነጻ ለቀውታል። እኔ ሥጋውን አለብሰዋለሁ።»

«ደቦ በለኛ!»

«ደቦ ነው፤ ጠላ የሌለው ደቦ» ብሎ ሳቀ።

ሩትን ያገኛት ሥራ የገባ ዕለት ነው። የኮሌጁ ሬጅስትራር ሠራተኛ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ የሚያስተምሩት የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ልጅ። የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ሰጠችው፤ ሰርቨር የኮሌጁን መረጃ ሁሉ የሚይዘው ዋናው ኮምፒውተር ነው። ቢያዞር ቢያዞር በሩ እምቢ አለው። መጥታ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ከፈተችለት።

«ባሕር ዳር በር መክፈት አያስተምሩም እንዴ?»

እሷ ሄደች፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲያማ ክፍት ለሆነ በር ሳይቀር ቁልፍ ይጠይቃት ነበር። ጥር ሲገባ እኔንና ሁለት ሰዎችን ሽማግሌ አድርጎ ቤተ ልሔም ላከን።

መሪጌታ አዳመጡንና እንዲህ አሉ፤

«የያዘውን ሥራ ጨርሷል?»

«ሊጨርስ ነው፣ የኔታ።»

«ሲጨርስ ተመለሱ። እኔ ጉባኤ ገብቶ፣ ጀምሮ ጥሎ የሚሄድ ስንቱን አይቻለሁ! ልጄን ለጀማሪ አልሰጥም።»

እንዳልካቸው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ፕሮግራሙ በላፕቶፑ ላይ እንደ ሰጋር በቅሎ ይሄዳል። የቀረው ፍሬምወርኩን ኮሌጁ ሰርቨር ላይ መጫን፣ ፕሮግራሙን እዚያው መገንባትና ለተማሪው መክፈት ነው።

ሰርቨሩ ግን እምቢ አለ። ፕሮግራሙ ሲገነባ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ከኢንተርኔት ማውረድ አለበት፤ ገና አንዷን ሳያወርድ ረጅም ቀይ ጽሑፍ ያዘንባል። ልጁ ኔትወርኩን ረገመ፤ ኬብል ቀየረ፤ የስልኩን ኢንተርኔት ሞከረ፤ ፍሬምወርኩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ወይ ፍንክች! የኮሌጁ ዲን «እስከ ዓርብ ካልሠራ ውላችን ይፈርሳል» አለው። ከተማው ደግሞ ከዲኑ ይፈጥናል፤ «የስማዳው ልጅ አቅቶት ሊሄድ ነው» ይባል ጀመር። ጥሎ ከሄደ የመሪጌታን መልስ ታውቁታላችሁ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሩት ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባች። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ይህን ኋላ እየተቀባበሉ ነው የነገሩኝ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ቀዩን ጽሑፍ እያየች።

«ይለፈልፋል። ክፍሎቹን የሚሰጠን ድረ ገጽ መታወቂያ አለው፤ ሰርቨሩ መታወቂያውን አልቀበልም ይላል።»

«ለምን?»

«ስለ ጊዜው አንድ ነገር ይላል፤ ነገር ዞሮበታል መሰለኝ።»

«ጊዜው አልፏል ነው የሚለው ወይስ አልደረሰም?»

«አልደረሰም።»

የሩት ፊት ተለዋወጠ።

«እንዳልኬ... ሰርቨሩ ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነኝ ይላል?»

አየ። 2010 ይላል።

«እኔ ነኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። «የተማሪዎቹ ማስረጃ 2017 እያለ ሲታተም፣ ወላጆች ‹ልጃችን ከሰባት ዓመት በኋላ ነው የተመዘገበው?› እያሉ ሳቁብኝ። ኅዳር ላይ የሰርቨሩን ቀን በገዛ እጄ ወደኛ ዘመን መለስሁት።»

አያችሁ፣ መታወቂያው የተሰጠው በፈረንጆች 2017 ነው። ሰርቨሩ 2010 ላይ ቆሞ፣ ያልተወለደ ሰው መታወቂያ አመጣችሁብኝ ይላል!

ሩት ቁጣውን ጠበቀች። ሳምንቱን ሙሉ የተናቀው በእሷ ጣት ነው። ዝም ብላ ብትወጣ ማን ያውቅባት ነበር?

ቀና ብሎ አያት። አይቷት ሳቀ፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«መጀመሪያውኑ ቁልፉን ብትከለክይኝ ይሻል ነበር እኮ!»

«አልተቆጣህም?»

«ነይ፣ አንቺው መልሽው። ማስረጃው ላይ የኛን ዘመን የሚጽፍልሽን እኔ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባልሻለሁ።»

መለሰችው። እሱ ትእዛዙን ደገመ። ክፍሎቹ ይወርዱ ጀመር፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው... ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ። ቀይ ነገር የለም። ዲኑ ተጠርቶ መጣና በስልኩ ሞከረው፤ የኮሌጁ ገጽ ብቅ አለ።

«ሠራ እንዴ?» አለ፤ የሚቆጣበት ነገር የጠፋው ሰው ይመስል ነበር።

ዲኑ ሲወጣ ሩት ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። እንዳልካቸው አጠገቧ ቆሞ እጇን ያዘ።

እሑድ ቤተ ልሔም ወጣን። ሽማግሌ ተቀመጥ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምን፤ ቆምን።

«ጨረሰ?» አሉ መሪጌታ።

«ጨረሰ፣ የኔታ።»

«ተበላሽቶበታል ሲባል ሰማሁ። ማን ነው ያበላሸው?»

ጓደኞቼ ወደኔ አዩ። ለሽማግሌ ውሸት ነውር ነው።

«ልጅዎ።»

«ማን አቀናው ታዲያ?»

«እሷው። እሱ ግን አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም።»

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ፤ መሬት መሬት አዩ። እምቢ ሊሉ ነው አልሁ። ኋላ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለካ እየሳቁ ኖሯል።

«እንዲህ አድርጋው ካልተቆጣት፣ ሌላ ምን ልጠይቅ? ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል!»

ተቀመጥን። እንደዚያ ዕለት መቀመጥ ጥሞኝ አያውቅም።